የረመዷን ሐሩርና የሚሠራ ሰውነት

«ረመዷን» የሚለው ስም በዐረብኛ ፀሐይ ድንጋይንና አሸዋን አግላ የምታመጣውን ብርቱ ትኩሳት ከሚያመለክት ሥረ ቃል እንደወጣ የቋንቋው ሊቃውንት ያስረዳሉ። ዐረቦች ለወሮቻቸው ስም ሲያወጡ ይህኛው ወር በሐሩር ጊዜ ስለገጠመ ነው የሚሉ አሉ፤ ወንጀልን አቃጥሎ ስለሚያጠፋ ነው የሚሉም አሉ። የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ10 ወይም በ11 ቀን ስለሚያጥር ወሩ በ33 ዓመት ገደማ ውስጥ ወቅቶችን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ በዕድሜው የታደለ ሰው በክረምቱም በበጋውም ይጾመዋል። በእነዚህ ዓመታት በአገራችን የካቲትና መጋቢት ላይ ደርሷል፤ ዝናቡ ገና ሳይጠና ፀሐይዋ የምትበረታበት ጊዜ ነው።

ከአስር ሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ተቀምጠን ከሚመጡልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሰውነት ናቸው። ድንጋይ የሚጭነው፣ ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ ጋሪ የሚገፋው ወንድማችን «ሼኽ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይጨልምብኛል፤ ምን ላድርግ?» ይለናል። ወጣቱ ደግሞ ከመግሪብ በፊት ኳስ መጫወት ጾም ያፈርስ እንደሆነ ይጠይቃል። ለወጣቱ መልሱ አጭር ነው፤ አያፈርስም። ለሠራተኛው የሚሰጠው መልስ ግን ሰውነት በሙቀትና በረሃብ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሳይታወቅ የሚሰጥ አይደለም። የፊቅህ ሊቃውንትም «ጉዳት ይፈራል ወይስ አይፈራም?» ለሚለው ነገር የታመነ ሐኪም ቃል እንዲጠየቅ ያዘዙት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከሰውነት እንጀምር። አላህ (ሱ.ወ) የሰውን አካል 37 ዲግሪ ገደማ ላይ እንዲቆይ አድርጎ ፈጥሮታል። ሰው ሲሠራ ወይም ሲሮጥ ጡንቻው ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ከአራት እጅ አንዱ ቢሆን ነው። የቀረው ሦስት እጅ ሙቀት ሆኖ በውስጥ ይቀራል። ምድጃ የተሸከመ ሰው በሉት። ይህ ሙቀት ካልወጣ ሰውነት ይግላል፤ የሚወጣውም በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። ደም ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ቆዳ ያመጣዋል፤ ቆዳው ደግሞ ያልበዋል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሲሄድ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህም 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 8 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከሚያቃጥለው ጋር ይቀራረባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ የሚያቀዘቅዘው መትነኑ እንጂ ማላቡ አይደለም። ከግንባር ወደ መሬት የሚንጠባጠብ ላብ ውሃውን ከመጨረስ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ ሰው ላቡ ሲደርቅ እያየ «ብዙም አላላበኝም» የሚለው ለዚህ ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፤ ሰውየው ሳያስተውለው ውሃው ያልቅበታል። በቀይ ባሕር ዳርና በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አየሩ ራሱ በውሃ የተሞላ በመሆኑ ላቡ መሄጃ አጥቶ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ሙቀቱም አብሮ ይቀራል። ከሁለቱ የከፋው ሁለተኛው ነው።

ደም እጥረት ሲገባው ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ጡንቻው «ለእኔ» ይላል፤ ቆዳውም «ለእኔ» ይላል። ላብ ከደም ውሃ የሚቀዳ ስለሆነ የሚካፈሉት ደም እያነሰ ይሄዳል። ልብ ይህን ለማካካስ አብዝታ ትመታለች። ከክብደቱ ከመቶ 2 እጅ የሚሆን ውሃ ያጣ ሰው አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል ይላሉ ሐኪሞች። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1.2 ሊትር ነው። በሰዓት ግማሽ ሊትር የሚያልበው ጫኝ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ እዚያ ይደርሳል። ስሁር የበላው ሌሊት ከ11 ሰዓት በፊት ከሆነ፣ ሥራ የጀመረው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ፣ ዙሁር ሳይደርስ ገና ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ሒሳቡ ሞልቷል ማለት ነው። እስከ መግሪብ ደግሞ ስምንት ሰዓት ገደማ ይቀረዋል።

በአፋር ወንድሞቻችን ዘንድ ያለው ግመል ይህን ሒሳብ በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ውሃ ሲያጣ የሰውነቱ ሙቀት ሌሊት ወደ 34 ዲግሪ እንዲወርድ፣ ቀን እስከ 40 እና ከዚያም በላይ እንዲወጣ ይተወዋል፤ ላቡንም ይቆጥባል። ቁርኣን ግመል እንዴት እንደተፈጠረ እንድንመለከት ይጋብዘናል፤ እኛም ስንመለከት የምናገኘው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ለሰው ግን ይህ አልተሰጠውም። የሰው ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ አእምሮው መታወክ ይጀምራል።

ይህ የደካማ ሰው ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሃ ላይ በተካሄደው የዓለም የአትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ተብሎ በእኩለ ሌሊት ተጀመረ። ፀሐይ የለችም፤ ሆኖም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር፤ የአየሩም እርጥበት ከባድ ነበር። ከጀመሩት 68 ሯጮች የጨረሱት 40 ናቸው። የእኛም ልጆች አቋርጠው ወጡ። እነዚህ ጾመኞች አልነበሩም፤ መንገዱ ላይ ሁሉ ውሃና በረዶ ይቀርብላቸው ነበር፤ በዓለም ላይ ከተፈተኑት እግሮች መካከልም ናቸው። ከቀናት በኋላ በዚያው ጎዳና በወንዶቹ ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጥተው አገራቸውን አኩርተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ያን ዕለት ግን ሌሊቱ ከፊተኛው ለዘብ ያለ ነበር። አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ውድድሩ የተጀመረው ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ስትቃረብ ነበር፤ የጨረሰውም በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን ነው። ለሯጭ ሰዓት የሚመረጥለት ከሆነ፣ ለድንጋይ ጫኙ የማይመረጥለት ምክንያት አይታየንም።

በሙቀት ውስጥ የሚሠራ ጡንቻ ከወትሮው ይልቅ አብዝቶ ስኳር ያቃጥላል። ሙቀቱና ምግቡ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው በጉበቱ ከ80 እስከ 100 ግራም የሚሆን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ በጡንቻዎቹም ወደ 400 ግራም ገደማ አለው። የጡንቻው ለራሱ ለጡንቻው ብቻ ነው፤ ለጎረቤት አያበድርም። ጉበት ግን ለመላው አካል፣ ከሁሉ በላይ ለአንጎል ያከፋፍላል። አንጎል ብቻውን በቀን 120 ግራም ያህል፣ ማለትም በሰዓት 5 ግራም ይፈልጋል። በአገራችን ጾሙ 13 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። በጥላ ሥር የዋለ ጤነኛ ሰው ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን በጉበቱ ቋት ይዘልቃል፤ ቋቱ ሲሳሳም አካሉ ስቡን እየቀለጠ፣ ጉበቱም አዲስ ስኳር እየሠራ ያሻግሩታል። በዚህ ጾም የሚፈራ ነገር የለበትም። ጉልበት የሚያፈሰው ሰው ግን ቋቱን ቀድሞ ይጨርሳል። ከአስር በኋላ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ በትንሽ ነገር የሚቆጣው፣ ከመሰላል ላይ እግሩ የሚስተው እሱ ነው። ብዙ ሰው «ጾም ቁጡ ያደርጋል» ይላል። ቁጣው ከጾሙ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከተዘለለ ስሁር ነው።

ስለዚህ ስለ ስሁር ትንሽ እንቆይ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በስሁር ውስጥ በረከት እንዳለ አስተምረዋል፤ ስሁርን ማዘግየትንም መርጠዋል። ዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) በእሳቸው ስሁርና በሶላቱ መካከል የነበረውን ጊዜ 50 የቁርኣን አንቀጽ በሚነበብበት ልክ ገምተውታል። በዚህ ዘመን ግን ብዙው ወጣት ከተራዊህ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት በልቶ ይተኛና ስሁርን ይዘላል። የ13 ሰዓቱን ጾም በገዛ እጁ 18 ያደርሰዋል። ውሃውም እንደዚያው ነው፤ በ6 ሰዓት ሌሊት የጠጣው ሲነጋ በሽንት ወጥቷል።

ምን ይበላ? ቤታችን ያለው ይበቃል። የገብስ ቂንጬ፣ ገንፎ፣ ፉል፣ እንቁላል፣ እርጎ ቀስ ብለው የሚፈጩ ናቸው፤ ስኳራቸውን በአንድ ጊዜ አያፈሱትም። ጣፋጭ ሻይና ነጭ ዳቦ ብቻ ጠጥቶ በልቶ ወደ ሥራ የወጣ ሰው ግን ረፋዱ ላይ ባዶ ነው። ጨውን በተመለከተ ነገሩ በሰውየው ሥራ ይወሰናል። ቢሮ የሚውል ሰው ስሁር ላይ ጨው ቢያበዛ ውሃ ጥም ይጎዳዋል። ሲያልበው የሚውለው ግን ላቡ ጨው ይዞ ስለሚወጣ በማፍጠሪያው ላይ ሊተካው ይገባል፤ ሸሚዙ ጀርባ ላይ የሚቀረው ነጭ መስመር ምስክር ነው። የአጃ ሾርባችን ለዚህ የተሠራች ትመስላለች፤ ውሃም፣ ጨውም፣ እህልም አንድ ላይ ናት። ያለ ምግብና ያለ ጨው በአንድ ጊዜ ሊትር በሊትር ውሃ መገልበጥ ግን ጥሩ አይደለም፤ የደሙን ጨው ያቀጥነዋል፤ ሲበዛም ያሳምማል። ከመግሪብ እስከ ስሁር ባለው ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ከፋፍሎ መጠጣት ለሠራተኛ የተሻለ ነው።

ማፍጠሪያው በቴምር መሆኑን የማያውቅ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመግሪብ ሶላት በፊት በእሸት ቴምር፣ ካልተገኘ በደረቅ ቴምር፣ እሱም ከጠፋ በጥቂት ጉንጭ ውሃ ያፈጥሩ እንደነበር አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ደረቅ ቴምር ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ፈጥኖ ወደ ደም የሚገባ ነው፤ ጡንቻ የሚፈልገው ፖታሲየምም አለበት። ሶላቱ እስኪሰገድ ድረስ የተራበው ጉበት የመጀመሪያውን ስንቅ ተቀብሏል ማለት ነው። ሳምቡሳው ከሶላት በኋላ ይቆይ፤ ከነጭራሹ ይቅር አላልንም። ሳምቡሳ የሌለበት ረመዷን በሰፈራችን አይታሰብም! ነገር ግን በዘይት የተጠበሰ ነገር በሆድ ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ ዐሥር ሳምቡሳ በልቶ ወደ ተራዊህ የመጣ ሰው በሩኩዕ ላይ ይታወቃል።

ሁለት የአገራችን ልማዶች ለብቻቸው መነሳት አለባቸው። አንደኛው ቡና ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለለመደ ሰው በመጀመሪያዎቹ የጾም ቀናት የሚመጣው ራስ ምታት የረሃብ ሳይሆን የቡና ነው። በሻዕባን ወር ስኒውን እየቀነሰ ቢመጣ ይገላገለው ነበር። ሁለተኛው ጫት ነው፤ እዚህ ላይ ቃላችንን አናለዝብም። ከኢሻእ በኋላ ለመቃም የሚቀመጥ ሰው የልብ ምቱና የሰውነቱ ሙቀት ይጨምራል፤ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ እንቅልፉ ይጠፋል። ስሁር ሳይበላ፣ ሳይተኛ፣ ውሃውን አጥቶ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲሚንቶ ሊሸከም ይወጣል። የሚወድቀው ጾሞ አይደለም፤ ቅሞ ነው።

ለኳስ ተጫዋቾቹም ቃል አለን። ልምምድ ቢቀለል፣ ከመግሪብ በፊት ባለችው የመጨረሻ ሰዓት ቢሆን፣ ውሃው ቅርብ ነው። ጠንከር ያለው ደግሞ ካፈጠሩ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ይሻላል። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ሜዳ ላይ መገኘት ግን ጀግንነት አይደለም። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ደግሞ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በእነዚያ ቀናት ማላብ ቀድሞ መጀመርን፣ የደምን ውሃ ማብዛትን፣ ጨው መቆጠብን ይማራል። ሳይማር የሚሯሯጥ ሰው አደጋው ይበልጥበታል።

አሁን ወደ ሠራተኛው ጥያቄ እንመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾመው ሳለ ከጥም ወይም ከሐሩር ብርታት የተነሳ በራሳቸው ላይ ውሃ ሲያፈሱ መታየታቸው ተዘግቧል። ይህ ጾም አያፈርስም፤ የሚተን ውሃ ለቆዳ ከየትም ቢመጣ ያው የሚያቀዘቅዝ ነው። ሻሽን አርሶ ጭንቅላትና አንገት ላይ መጠቅለል ሱና ያለው መድኃኒት ነው እንላለን። በሌላ ጊዜም በሞቃት ቀን በጉዞ ላይ ሳሉ የጾሙት ሲዘለፈለፉ ያልጾሙት ድንኳን ተክለው እንስሳቱን አጠጡ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የዚያን ቀን ምንዳ ያልጾሙት እንደወሰዱት ተናገሩ። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ረመዷን ደግሞ ጾሙ እንደከበዳቸው ሲነገራቸው ከአስር በኋላ ውሃ አስመጥተው ሰው ሁሉ እያያቸው ጠጡ። እያያቸው! ተደብቀው አልጠጡም።

በሻፊዒ መዝሀብ፣ በአገራችን ብዙው ሕዝብ በሚከተለው ማለት ነው፣ በ783 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ሊቅ አል-አዝረዒ ስለ አጫጆች ተጠይቀው የሰጡት ፈትዋ ለዛሬውም ጫኝ ይሆናል። አጫጁ በየሌሊቱ ይነይት፤ ጾሞ ይጀምር፤ ብርቱ ችግር የደረሰበት ያፍጥር፤ ያልደረሰበት ይቀጥል። ስለዚህ «ነገ ሥራ ስላለብኝ» ብሎ ከማታው ጾሙን መተው የለም። ዓይኑ ጨልሞ፣ እግሩ እየከዳው በመሰላል ላይ መቀጠልም የለም። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ግን ሕጉን እያወቁ ሰው ምን ይለኛል ብለው ይወድቃሉ። እኛ ደግሞ ጀመዓውን እንጠይቃለን፤ በጠራራ ፀሐይ ድንጋይ ተሸክሞ ውሃ የጠጣን ሰው በዓይናችን የምንገርፍ እኛ በጥላ ሥር የዋልን አይደለንምን?

አሠሪዎችም ድርሻ አላቸው። አንድ የግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ወንድሞች ሥራውን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረው 6 ሰዓት ላይ እንዲጨርሱ ቢለምኑ አለቃው «ጾሙ የእናንተ፣ ሥራው የእኔ» ብሎ መለሳቸው። በሌላ ቦታ ደግሞ ጾመኛ ያልሆነ አሠሪ ራሱ ሰዓቱን አዛወረላቸው፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ኮንክሪትም በቀትር ፀሐይ ሲፈስ ውሃው ቶሎ ተንኖ ይሰነጠቃል አለ። ለኮንክሪቱ የታሰበው ለሰውም ይታሰብ። የባሕረ ሰላጤው መንግሥታት ይህን በሕግ አድርገውታል፤ ሳዑዲ ዐረቢያ ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር መሥራትን ትከለክላለች፤ ኳታር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ይህን መብታቸውን ይወቁ። የቤት ሠራተኛ እህቶቻችን ግን ሕጉ ውጭ የሚሠራውን ስለሚመለከት አይደርስላቸውም፤ ጾመው ቀኑን ሙሉ በጋለ ምድጃ ፊት ለሌላው ማፍጠሪያ የሚያበስሉት እነሱ ናቸው። ለእነሱም የአል-አዝረዒ ፈትዋ ይሠራል።

አንድ ሰው ሥራ ላይ ቢዝለፈለፍ፣ ራሱን ቢያመው፣ ጡንቻው ቢኮማተር፣ ወደ ጥላ ገብቶ ያፍጥር፤ ይረፍ። መቀባዠር ከጀመረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ይህ የሙቀት ምት ነውና ደቂቃ አይባክንም። ልብሱን አላልቶ መላ አካሉን በውሃ ማራስ፣ ማራገብ፣ በረዶ ከተገኘ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ማድረግ፣ በዚያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይፈስም፤ ይታነቃል። «መግሪብ ሊደርስ ነው፣ እንጠብቅ» የሚል ሰው ቢኖር አትስሙት።

ያፈጠረው ሰው ያለበት አንድ ቀን ቀዷእ ነው፤ ከፋራ የለበትም። ቀኑንም የሚመጣው ረመዷን ሳይገባ በፈለገው ጊዜ ይከፍላል። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሥራው በቀዘቀዘበት ሳምንት ሊሆን ይችላል።